የጀርመን የገበያ ቀን

ከመካነ ሰላም ወደ አቀስታ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ ባልና ሚስት ናቸው። ጀርመን ያለችው ልጃቸው ሰዓዳ አውሮፓን ላስጎብኛችሁ ብላ ጠርታቸዋለች።

«መጀመሪያ በአውሮፕላን ግሪክ» አሉ ባል። «ከዚያ በመርከብ ጣሊያን፣ ከዚያ በባቡር ፈረንሳይ። ሰዓዳ ጋ መጨረሻ እንደርሳለን።»

«ስምንት ዓመት ያላየኋትን ልጅ መጨረሻ?» አሉ ሚስት። «ወላሂ መጀመሪያ እሷ ጋ ነው የምሄደው!»

«የጀርመንን የገበያ ቀን ሳናውቅ?»

«ገበያው ምን ሊያደርግልዎ ነው?»

«ባቡር ያመጣልኛላ! ያለገበያ ቀን ወጥተን መኪና አጥተን አቀስታ ያደርነውን ረሳሽው?»

«እንግዲያው ልጅቷን ይጠይቋት።»

ደወሉላት። ድምፁን ከፍ ስላደረጉት ሁላችንም ሰማን።

«ሰዓዳ፣ እናንተ ጋ ገበያው በምን ቀን ነው የሚቆመው?»

«ኧረ አባዬ፣ እዚህ በየቀኑ ነው!»

«በየቀኑ? ታዲያ ሰዉ መቼ ያርሳል?»

ሚስት ስልኩን ነጠቋቸው።

«ልጄ፣ ገበያው በየቀኑ ከሆነ ባቡሩም በየቀኑ አለ። በቀጥታ አንቺ ጋ ነን። ግሪክን አባትሽ ሲመለሱ ያዩታል።»

«መርከቡስ?» አሉ ባል ቀስ ብለው።

«እሱ ገበያውን ይጠብቅ!»

የምወርድበትን ቦታ ካለፍነው ቆይተናል፤ እኔ ግን እነሱ ጀርመን ሳይደርሱ «ወራጅ አለ» ማለት አፈርኩ።