ቫይታሚን የተባለው ማስታገሻ

ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ የሰፈሩን ሰው ቤት ለቤት የምታክመውን ወጣት ሐኪም በጎረቤቴ በአናጢው ደጃፍ አገኘኋት። የአናጢው ታላቅ ወንድም በሩን ገርበብ አድርገው ይዘው ይሟገቷታል። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ሲያንሾካሹኩ እንኳ መንገደኛ ይሰማቸዋል። ሰላምታ ሰጥቼ ማለፍ ሲገባኝ ቆምኩ። ወሬ ይወዳል በሉኝ።

«ልጄ፣ ይሻልሃል በይው። ሌላ ነገር እንዳታነሺበት» አሉ።

«ጋሼ፣ እንደማይድን እያወቅሁ እንዴት ልበል?»

«እንዲህ ያለ ነገር ለበሽተኛ ይነገራል እንዴ? ቅስሙን ልትሰብሪው ነው?»

«ያዘዝኩትን ማስታገሻስ ይወስዳል?»

«ይወስዳል። እንዳይጠረጥር ቫይታሚን ነው ብለነዋል» አሉ፣ በዘዴያቸው ኮራ ብለው።

ይህን ጊዜ የአናጢው ሚስት ከውስጥ ወጣችና መዳፏን ዘረጋች። ኪኒኖቹ ሞልተውበታል።

«ትራሱ ሥር አገኘኋቸው። ‹የከሳሽው አንቺ ነሽ፣ ላንቺ ነው ያስቀመጥኩት› አለኝ። ለካ ሌሊቱን ሁሉ የሚያቃስተው ለዚህ ነው!» እንባዋ መጣ። «ጋሼ፣ ባሌ እኮ ናፈቀኝ። አጠገቤ ተኝቶ ናፈቀኝ! እንደ እንግዳ ስለ ዝናብ ነው የምናወራው።»

ሰውየው ኪኒኖቹን አይተው ድምፃቸው ወረደ። «ለሱው ብዬ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለች ሐኪሟ። «ሁሉን ባንዴ አልዘረግፍበትም። ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ እጠይቀዋለሁ፤ የማይፈልገውን አልነግረውም።»

«ቢያለቅስስ?»

«እርስዎም አብረውት ያለቅሳሉ።»

በሩን ወለል አድርገው ከፈቱላት።

አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ጠየቀችው። «ሁሉንም ንገሪኝ» አላት፤ ቀስ ብላ ነገረችው። ወንድምየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አናጢው እጁን ወደ ሚስቱ ዘረጋ።

«ታዲያ ስለ ዝናብ ስናወራ የከረምነው ለምንድን ነው? ነይ፣ ተቀመጪ።»

ከዚያ ወዲህ ማስታገሻውን በሰዓቱ ይውጥ፣ እንቅልፍም ይወስደው ጀመር። ሐኪሟ እየተመላለሰች፣ ሲብስበት ምን ማድረግ እንዳለባቸው ቤተሰቡን አስተማረች። ወንድማማቾቹ የቆየ ኩርፊያቸውን አውጥተው ተጨቃጨቁ፤ ሳቁበትም። ታማሚ ያለበት ቤት ሁሉ እንዲህ እውነቱን ቢነጋገር ምንኛ በተጠቀመ! አሁን ይህን የሚሰብኩት ጋሼ ራሳቸው ናቸው፣ በዚያ ድምፃቸው።

አናጢው በሚስቱ እጅ ላይ አረፈ። ከወራት በኋላ፣ ሚስቱን ኑሮ እንዴት እንደያዛት ጠየቅኋት።

«ይናፍቀኛል» አለችኝ። «በጣም ይናፍቀኛል። ግን ያልነገርኩት ነገር የለም።»