ከስልክ የተነበቡት ሟቾች

ባለቤቴን አስቴርን በከተማችን በገሱባ በቀበርን በሦስተኛው ቀን፣ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ጎረቤታችን መምህሩ በዚህ ወር በዓለም ላይ ያረፉ ታዋቂ ሰዎችን ከስልኩ ያነብልን ጀመር። አንድ ዘፋኝ፣ አንድ ኳስ ተጫዋች፣ አንድ የቀድሞ ፕሬዚዳንት። በየስሙ ሁላችንም፣ "ቤተሰቡን እግዚአብሔር ያጽናና" እንላለን። ሲጨርስ ፈራ ተባ እያልኩ፣ "መምህር፣ አስቴርስ የለችበትም?" አልኩት።

"አባባ፣ እነዚህ እኮ ዓለም የሚያውቃቸው ናቸው።"

"የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያዋለደችው እሷ ናት። አንተንም ጭምር።"

ስልኩን እንደገና አነሳና የሚያነብ መስሎ፣ "አስቴር፣ አዋላጅ፣ ከገሱባ" አለ።

እኔም ከሰዉ ጋር አብሬ፣ "ቤተሰቡን እግዚአብሔር ያጽናና" አልኩ። ቤተሰቡ እኔ መሆኔ ትዝ ያለኝ ካልኩት በኋላ ነው።