ድልድዩን ማን አቆመው?

የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ደግሰው ከሚኖሩበት ከገበዝ አምባ ወደ ብልባላ ሲወርዱ ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው። በቅሏቸው አንድ እግሯን ውሃው ውስጥ ነክራ አወጣችና ጉዳዩ እሷን እንደማይመለከት ሁሉ ፊቷን አዞረች። መሪጌታ ለመኗት፤ ተቆጧት፤ በመጨረሻም በግዕዝ ገሠጿት። ንቅንቅ አላለችም። በዚህ መሐል የሰኔው ዝናብ ስለ ጀመረ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው በአካባቢው ወዳለው ብቸኛ መጠለያ ገሠገሡ። መጠለያው ድልድይ ነበር፤ በትክክል ለመናገር የድልድይ እኩሌታ። ከወዲህኛው ዳር ተነሥቶ በሁለት ወፋፍራም ምሰሶዎች ላይ ከተንጠራራ በኋላ፣ ውሃው መሐል ሲደርስ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው መንገደኛ ቀጥ ብሎ ቀርቷል።

ከሥሩ ዓይናዲስን ተቀምጣ አገኟት። ዓይናዲስ የጎረቤታቸው የአቶ ምናለ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተምራ ብልባላ በሚገኘው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት ታስተምራለች። ብድግ ብላ እጅ ነሣቻቸውና የተቀመጠችበትን ድንጋይ ለቀቀችላቸው። ወዴት እንደሚሄዱ ሲጠያየቁ መንገዳቸው አንድ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም የሚሄዱት ብልባላ አዳራሽ፣ አቶ በእውቀቱ በሕዝብ ፊት ቀርቦ ወደሚጠየቅበት ስብሰባ ነበር። ልዩነታቸው መሪጌታ የሚሄዱት ሊያማልዱ፣ እሷ የምትሄደው ልትጠይቅ መሆኑ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ማስረዳት ይገባል። አቶ በእውቀቱ ጽኑ ዓለት የሚባለው የሥራ ተቋራጭ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ ነበር። ጽኑ ዓለት መንግሥት ይመካበት የነበረ ድርጅት ነው። መንገዱም፣ ግድቡም፣ ትምህርት ቤቱም ለእሱ ይሰጥ ነበር። አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል፤ የጀመረበትን ቀን ግን ድንኳን ተክሎ፣ ሰንጋ ጥሎ ሳያከብር አያልፍም። አምና ይኸው ድርጅት ድንገት ተንኮታኮተ። ሠራተኛው ተበተነ፤ ሥራው ሁሉ በየሜዳው ተንጠልጥሎ ቀረ። አለቆቹ ግን ከመውደቁ ጥቂት ቀደም ብለው ለራሳቸው የትጋት ሽልማት ተከፋፍለው ነበር።

መሪጌታ ወደ ላይ፣ ወደ ኮንክሪቱ አዩ።

«ሰው ሁሉ በእውቀቱን ያማል» አሉ። «ይኸው ሥራው እኛን ከዝናብ አዳነን።»

«እውነት ነው መሪጌታ» አለች ዓይናዲስ። «ለጃንጥላነት ግን ትንሽ በዛ።»

መሪጌታ ይህን እንዳልሰሙ አልፈው አሳባቸውን አስረዷት። በእውቀቱ የአገር ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ከእሳቸው ዘንድ ቅኔ ቆጥሯል። የድርጅቱ መውደቅ በረዶ በገብስ ላይ እንደሚወርደው ያለ መዓት ነው፤ በረዶን ደግሞ ለምን ወረድህ ብሎ የሚከስ የለም። እንደዚያ ያለ ትልቅ ሰው በገበያ ቀን ሕዝብ መሐል ቆሞ ሲጠየቅ ማየት ለላስታ ሁሉ ውርደት ነው። ስለዚህ ዛሬ ከሰው ሁሉ ቀድመው ተነሥተው «ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ማሩት» ሊሉ ቆርጠዋል።

«ይፈቀድልኝና መሪጌታ» አለች ዓይናዲስ፣ «በረዶ መውረዱን ማንም ቀድሞ አያውቅም። እነዚህ ግን ሽልማታቸውን ተካፍለው ነው የወደቁት።»

«እሱን እንኳ እኔም አልወደድሁለትም።»

«የመሠረቱ ድንጋይ ሲጣል እርስዎም ነበሩ። አቶ በእውቀቱ ካባውን ደርቦ ምን ብሎ ነበር?»

መሪጌታ አልዘነጉትም። «'ይህን ድልድይ የማቆመው እኔ ነኝ' አለ።»

«ታዲያ ቃሉን ጠበቀ። ይኸው አቆመው።»

የቅኔ መምህር ሰምና ወርቅ ሲገጥመው ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። መሪጌታ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ፤ ከዚያም አማላጅ መሆናቸው ትዝ ሲላቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው ኮስተር አሉ።

ዓይናዲስ ግን ቀልዱን እዚያው ተወችው። ያለፈውን ክረምት አነሣችባቸው። የመንደራቸው ሰው የቢተው ሚስት ሰብሌ ምጥ ሲጠናባት ወደ ጤና ጣቢያ በቃሬዛ ይዘዋት ወርደው፣ ወንዙ እንደ ዛሬው ሞልቶ፣ ተሸካሚዎቹ መሻገር አቅቷቸው እዚሁ ድልድዩ ሥር ወልዳለች።

«የልጇን ስም 'ተሻገር' ያልሁት እኔ ነኝ» አሉ መሪጌታ።

«እናቱ ሳትሻገር ልጁን 'ተሻገር' አሉት። እግዚአብሔር ረድቶ ሁለቱም ተረፉ። መሪጌታ፣ የጽኑ ዓለት ማሽኖች ተነሥተው ባይወሰዱ ኖሮ ድልድዩ ለዚያ ክረምት ይደርስ ነበር። ማሽን ደግሞ ያለ ሰው ትእዛዝ አይነሣም። እኔ አቶ በእውቀቱ ይዋረድ ብዬ አይደለም የምሄደው። 'አንሡ ያልሁት እኔ ነኝ' የሚል አንድ ሰው እንዲገኝ ነው። ካልተገኘ ነገ ያው ሥራ በሌላ ስም ይመጣል፤ እኛም ሌላ ድልድይ ሥር እንጠለላለን።»

መሪጌታ ግን አልተረታሁም አሉ። ይህ ለዳኛ እንጂ ለአዳራሽ የሚሆን ነገር አይደለም ብለው ዝናቡ እስኪያባራ የበቅሎዋን ኮርቻ ሲያጠብቁና ሲያላሉ ቆዩ። ውሃው ሲጎድል ተሻገሩ፤ በቅሎዋም የሌሎች መንገደኞች አህዮች ሲሻገሩ አይታ ተከተለች።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ሰብሳቢዋ የወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ወይዘሮ ፍቅርአዲስ፣ ከፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አቶ በእውቀቱ ከስቷል፤ ኮቱ የሌላ ሰው መስሏል። መሪጌታን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ፤ መሪጌታም ደግፈው ቀና አደረጉት። ከዚያ ንግግሩን ጀመረ።

«ድርጅታችን ያልተጠበቀ ፈተና ገጠመው። አንዳንድ ውሳኔዎች ተወሰኑ። ማሽኖች ተነሡ። ክፍያዎች ተፈጸሙ። በዚህም ምክንያት ሥራው ቆመ።»

ይህንኑ ደጋግሞ፣ ቃል እየለወጠ ተናግሮ ተቀመጠ። መሪጌታ ለምልጃ ተነሡ። መንገድ ለመንገድ ከመጽሐፍ ጥቅስ እያገጣጠሙ ያሰናዱት ያማረ ልመና ነበራቸው። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ከልመናው በፊት ጆሯቸውን ሲከረክረው የቆየው ነገር ወጣ።

«ልጄ በእውቀቱ፣ ማሽኖቹ ተነሡ አልህ። በእግራቸው ሄዱ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አቶ በእውቀቱ ላቡን ጠረገ።

«የለም መሪጌታ፤ ወደ ሌላ ሥራ እንዲዛወሩ ተደረገ።»

«ማን አደረገ?»

«በማኔጅመንት ደረጃ ታምኖበት…»

«ማን አመነበት?» አሉ መሪጌታ፤ ድምፃቸው ቀስ በቀስ የጉባኤ ቤት ድምፃቸው እየሆነ መጣ። «እኔ ዘንድ ስትማር ባለቤት የሌለው ግስ ይዘህ አትመጣም ነበር። ተነሡ፣ ተወሰነ፣ ተፈጸመ፤ ሁሉም አድራጊ የለውም። ባለቤቱ ማን ነው?»

ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ይህ በስብሰባው ሥርዓት እንደሌለ ሊያስታውሱ እጃቸውን አነሡና፣ ትንሽ አስበው መልሰው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አቶ በእውቀቱ ወደ ጣሪያው አየ፤ ወደ ውሃ ብርጭቆው አየ፤ ከሁለቱም እርዳታ አላገኘም።

«እኔ» አለ።

«ጮክ በል።»

«እኔ ነኝ። ሌላ አገር ትልቅ ግድብ ልንረከብ ነበር፤ ማሽን አለን ብለን ማሳየት ነበረብን። ወንዙ ክረምት እንደሚሞላ መሐንዲሶቹ ነግረውኛል። አንሡ ያልሁት እኔ ነኝ። ሽልማቱንም የፈረምሁት እኔ ነኝ፤ ድርጅቱ እንደማይድን እያወቅሁ።»

አሁን የሳቀ የለም። ከኋላ ሰብሌ ልጇን አዝላ ቆማ ነበር። «ልጁ ደኅና ነው» አለች፣ እንደ ሰላምታ ቀለል አድርጋ። «ያን ቀን ግን እኔም እሱም ያለቅን መስሎኝ ነበር።» አቶ በእውቀቱ አቀረቀረ። ቀና ሲል ግን፣ መሪጌታ እንዳዩት፣ ሸክሙን ያወረደ ሰው ፊት ነበረው።

ዓይናዲስ ጠጋ ብላ ምልጃው ቀረ ወይ ስትል በለሆሳስ ጠየቀቻቸው። መሪጌታ ለእሷም ለአዳራሹም መለሱ።

«እኔ የመጣሁት ማሩት ልል ነበር። ማንን ማሩ እንደምል ግን አላወቅሁም ነበር ለካ። 'ተወሰነ' የሚባል ሰው አይማርም፤ 'ተነሡ' የሚባልም ንስሐ አይገባም። አሁን ጥፋቱ ባለቤት አገኘ። የወሰደውን ይመልስ፤ ዳኛ ፊት ቀርቦ ይህንኑ ይናገር። ከዚያ በኋላ ተንበርክኬ ምሕረት የምለምንለት እኔ ነኝ። ይህችም ልጅ ውሃ ዳር ስትነግረኝ የነበረው ይህንኑ ነው፤ እዚያው ባምናት በቅሎዬን ባላደከምሁ።»

የሆነውም እንዲሁ ነው። አቶ በእውቀቱ ፍርድ ቤት ቀርቦ ስሙን ከሥራው ጋር ስለ ተናገረ፣ «ቦርድ» በሚለው ቃል ጀርባ የተሸሸጉት ሌሎች አለቆችም በየስማቸው ተጠሩ። ሽልማቱ ተመለሰ። በእውቀቱ ዛሬ በእስር ቤት ፍርዱን እየፈጸመ ነው፤ መሪጌታም በዓል በመጣ ቁጥር ስንቅ ይዘው ይጠይቁታል። አዲስ ተቋራጭ ሲመጣ ሕዝቡ አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ ኃላፊው መሐንዲስ በወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝብ ፊት ቆሞ የሠራውንና ያልሠራውን «እኔ» እያለ እንዲናገር። ሰውየው በመጀመሪያው እሑድ አላበው፤ ኋላ ግን ሲሚንቶ ሲዘገይበት ሕዝቡ ራሱ ወረዳ ድረስ ወርዶ ስለጮኸለት ነገሩን ወደደው። ድልድዩ ማዶ ደረሰ። ነፍሰ ጡር ጊዜዋን ጠብቃ ትሻገራለች፤ የገበዝ አምባ ገብስ ክረምትም በጋም ገበያ ይወጣል። ኃላፊነት ስም ሲኖረው ሥራ ይሠራል፤ የተበላሸ ቢኖር የሚያቃናው ይታወቃል፤ ምሕረትም የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል።

ይህ ልማድ ግን ከአዳራሽ ወጥቶ በየቤቱ እንደሚገባ መሪጌታ አላሰቡትም ነበር። በአንድ ማለዳ ከጓሮ ተመልሰው ለባለቤታቸው ለወይዘሮ አመተ ማርያም በሐዘን፣ «አጥሩ ሳይታጠር ቀረ፤ ጎመኑም ተበላ» አሉ።

ወይዘሮ አመተ ማርያም ከሥራቸው ቀና አላሉም። «ማን ሳያጥረው?»

መሪጌታ በግዕዝም በአማርኛም ማምለጫ ፈለጉ። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰቅለው መጥረቢያውን አነሡ።

«እኔ» አሉና ወጡ።