አንዲት የትል ክኒን

(በሰኔ መግቢያ ማለዳ፣ በረት ውስጥ፤ ወይዘሮ የውብዳር ከወደቀችው ላማቸው ከቦቂት ራስጌ ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው ደመላሽ ከከብት ክሊኒክ ያመጣውን ክኒን ይዞ ቆሟል።)

የውብዳር፦ ለቦቂት ነው የምትሰጣት አልኩህ። ሌላ ወሬ አታምጣብኝ።

ደመላሽ፦ እማዬ፣ ክኒኗ አንዲት ናት። በሬውንም ማስቀመጥ ከጀመረው ሰንብቷል።

የውብዳር፦ ለሁለት ክፈላታ።

ደመላሽ፦ ሐኪሙን ጠየቅሁት እኮ። ግማሽ ክኒን ትሉን አይገድለውም፣ ሁለቱንም ታጣቸዋለህ አለኝ። ሌላ መድኃኒት መቼ እንደሚመጣም አያውቅም።

የውብዳር፦ እንግዲያው ለእሷ ይሁን። በሬውማ ይኸው ቆሞ ይሄዳል።

ደመላሽ፦ ቆሞ እያለ ነዋ የሚድነው። እሷን እያት፤ ከመንጋጋዋ ሥር ውኃ ቋጥራለች፣ ድዷ ነጥቷል። መድኃኒቱ ትሉን ይገድላል እንጂ የጠጣውን ደም አይመልስም ነው ያለኝ።

የውብዳር፦ አንተና ሐኪምህ በቁሟ ቀበራችኋት። ትርንጎስ? እናቷ አራስ ሆና ጥላት ስትሄድ በማን ወተት ነው ያደገችው? ትናንት ቦቂት ለምን አትነሳም እያለች ስትነዘንዘኝ ዋለች። ምን ልበላት?

ደመላሽ፦ የሞተችው የእኔም እህት ናት። ግን በሬያችን ከወደቀ ከእኛ ጋር የሚያቀናጀው አያ ይመኑ የራሱን በሬ ከሌላ ሰው ጋር ያቀናጃል፤ መሬታችን ጦም ያድራል። ያኔ ትርንጎ ምን ትቀምሳለች?

የውብዳር፦ እኔ ለዚች ላም ያልሆንኩት ምን አለ? የሰው ከብት ደረቅ ገለባ ሲያኝክ፣ ከረግረጉ ለምለሙን ሣር እያጨድኩ በዚህ ጉልበቴ ተሸክሜ አበላኋት። የልጅቷ ወተት እንዳይጎድል ብዬ።

ደመላሽ፦ አውቃለሁ። ተይው በቃ።

የውብዳር፦ ምኑን ነው የምተወው?

ደመላሽ፦ ምንም።

የውብዳር፦ ፊትህን አታዙርብኝ። ሐኪሙ ሌላ ምን አለ?

ደመላሽ፦ ሣሯን ከየት ታመጡላታላችሁ ብሎ ጠየቀኝ።

የውብዳር፦ ምን አልከው?

ደመላሽ፦ ከሜዳው አልኩት።

የውብዳር፦ ስለ ረግረጉ ምን አለ፣ ደመላሽ?

ደመላሽ፦ ትሉ ከእርጥቡ ሣር ጋር ነው የሚገባው አለ። አንቺ በምን ታውቂያለሽ? እኔስ አውቄ ነበር?

የውብዳር፦ ከእሷ የተረፈውን ደግሞ ለበሬው እሰጠው ነበር።

ደመላሽ፦ እማዬ…

የውብዳር፦ ትርንጎ ሳትነቃ ና። የበሬውን አፍ እኔ እይዝልሃለሁ።