ሙሽሪት ከግንቡ ወዲያ

(ቅዳሜ ረፋድ፣ በከተማው ዳርቻ ሁለት ሰፈር የሚለይ ግንብ፤ የሙሽራው እናት ወይዘሮ ደብሪቱ ከወዲያ መሰላል ላይ ቆመዋል፣ የሙሽሪት አባት አቶ ዘውገ ከወዲህ ዳሱ አጠገብ።)

ደብሪቱ፦ ያፍርሱት ብያለሁ፣ አቶ ዘውገ! ልጄ ሙሽሪትን ሊወስድ ከወጣ ሁለት ሰዓት ሞላው።

ዘውገ፦ ቤታችን ጀርባና ጀርባ ሆኖ ሁለት ሰዓት? ስስል እንኳ ይሰማዎታል።

ደብሪቱ፦ ሳልዎ ይሰማል፤ መንገድዎ ነው የጠፋው! ሰርገኞቹ ማደያውን ዞሩ፣ አደባባዩን ዞሩ፣ አሁን ከሲሚንቶ መኪና ኋላ ቆመው ክላክስ ያሰማሉ። ይህ ሁሉ የጤፍ ማሳ ሳለ በነጠላ ጫማ ብቅ እል ነበር።

ዘውገ፦ ያኔ ሌባውም በነጠላ ጫማ ብቅ ይል ነበር።

ደብሪቱ፦ ሌባ መሰላል አያጣም፤ የተዘጋበት ጎረቤት ነው።

ዘውገ፦ እኔ ብቻ ነኝ የዘጋሁት? የላይኞቹ ዘጉ፣ የታችኞቹ ዘጉ። አዲስ ሰፈር በተቆረቆረ ቁጥር አንድ መተላለፊያ ይዘጋል።

ደብሪቱ፦ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ሲባል፣ እርስዎ የቅርብ ጎረቤቱን የሩቅ ዘመድ አደረጉት!

ዘውገ፦ (እየሳቁ) የኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜ ያሠራሁትን ግንብ እኔው ባፈርስ ሰው ምን ይለኛል? ደግሞ ወግ አለ። ሰርገኛ በበር ይመጣል፣ ሴቶቹ «አናስገባም» ይላሉ፣ ተለምነው ያስገባሉ።

ደብሪቱ፦ «አናስገባም» እኮ ዘፈን ነው፤ እርስዎ በብሎኬት ሠሩት!

ዘውገ፦ ኧረ ይታገሡ! ልጄ መቅደላዊት እንኳ ጓዳ ጭጭ ብላ ተቀምጣለች።

ደብሪቱ፦ አይተዋታል?

ዘውገ፦ ሚዜዎቿ በሩን ዘግተው «እየተኳለች ነው» አሉኝ። ምነው?

ደብሪቱ፦ ይህ የቆምኩበት መሰላል የማን ይመስልዎታል?

ዘውገ፦ የእናንተ ነዋ... ቆይ፣ ያ ቀይ ቀለም የነካው የኔው አይደለም?

ደብሪቱ፦ የእርስዎው ነው። መጠበቅ ታከታትና በቬሎዋ ግንቡ ላይ ወጥታ፣ መሰላሉን ወደ እኔ አሳልፋ ዱብ አለች! ልጄ እሷን ፍለጋ አደባባይ ይዞራል፣ እሷ እኔ ጓሮ ቆማ ትስቃለች።

ዘውገ፦ መድኃኔ ዓለም! በሉ መልሷት!

ደብሪቱ፦ ስትዘል ታኮዋ ተሰበረ፣ እንዴት ትውጣ? አሁን ደግሞ ሳቁን ትታ «የአባዬን ጉልበት ሳልስም፣ ሳይመርቀኝ አላገባም» ብላ እንባዋ መጥቷል። በመኪና አዙረን እንላካት ወይ?

ዘውገ፦ ...ልጄ፣ ከግንቡ ራቅ በይ፣ አቧራው ቬሎሽን እንዳያበላሸው። እናንተ ዳስ ውስጥ ያላችሁ፣ መዶሻ አምጡልኝ!