የወፍጮውን ኩሽኔታ ማን በላው?

ሠርካዲስ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከፋብሪካ ወጥታ የጉለሌን ዳገት ስትያያዘው፣ የሸማኔው ሚስት ጌጤ ስልቻ ጤፍ ተሸክማ ወደ አዲሱ ገበያ ስታዘግም አገኘቻት። የቀበሌው ወፍጮ ቤት ከደጃፏ ፊት ለፊት እያለ ምን ያንከራትታታል?

«እትዬ ጌጤ፣ ወፍጮው ተበላሸ እንዴ?»

«ወፍጮውስ ይሠራል። እኔን ነው የከለከሉኝ። ዓይንሽ ኩሽኔታውን በላው ተባልኩ፤ ያውም ሰልፉ ሁሉ እየሰማ።»

ሠርካዲስ ቀልድ መስሏት ልትስቅ ነበር፤ የጌጤን ፊት ስታይ ሳቋን ዋጠችው። ወይ ጉድ! ሸማኔ ሸምኖ ያለብሰናል፤ እኛ ደግሞ የሠራልንን ኩታ ተከናንበን ቤተ ክርስቲያን ስመን ስንመለስ «ቡዳ» እንለዋለን። አብዮት ፈነዳ፣ ሰው ሁሉ እኩል ነው ተብሎ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ተጻፈ፤ ከግድግዳው ሥር ግን አንዲት እናት እህሏን ይዛ ትባረራለች። ይህ ያላናደደው ሰው ምን ሊያናድደው ነው?

ሠርካዲስ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥታ በአንድ ክር ፋብሪካ የማሽን ጥገና የምትሠራ ልጅ ናት። በቀጥታ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደች። ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሱት አቶ ስብሐት ዱቄት እንደለበሱ በሩ ላይ ተቀምጠዋል። የተሰበረውን ኩሽኔታ፣ የወፍጮው ዘንግ የሚዞርበትን ባለ ብይ የብረት ቀለበት፣ ለምስክርነት በሚስማር ሰቅለውታል።

«ጋሼ ስብሐት፣ እንደምን ዋሉ? እትዬ ጌጤን ለምን ከለከሏት?»

«ልጄ፣ ክፋት አይደለም። ይሄን አዲስ ኩሽኔታ ሳስገባ መጥታ “ወይ ሲያብረቀርቅ!” አለች። ወር ሳይሞላው ጮኾ ተሰነጠቀ። የፊተኛውም እንዲሁ ሆኗል። መለዋወጫ በደጅ ጥናት በሚገኝበት ዘመን ወፍጮው ቢቆም የሚጠየቀው ማነው? እኔ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ነው! ብረቱ ደክሞ ነው የተሰነጠቀው።»

«ብረት ይደክማል? የእርሻ በሬ አደረግሽው እንዴ!»

«ሽቦ ለመቁረጥ ፒንሳ ሲያጡ ምን ያደርጋሉ?»

«ወዲያ ወዲህ እያጠፍኩ እበጥሰዋለሁ።»

«በመጀመሪያው እጥፋት ለምን አልተበጠሰም?»

ሠርካዲስ ኩሽኔታውን አውርዳ የውስጡን ቀለበት በጨርቅ ወለወለችው።

«እዚህ የተላጠውን በጥፍርዎ ይዳስሱት። ብዮቹ ባለፉ ቁጥር ብረቱን ይጫኑታል፣ አልፈው ሲሄዱ ይለቁታል። ይህ እልፍ ጊዜ ሲደጋገም ከቆዳው ሥር፣ ወይም ጠባሳ ካለበት ቦታ፣ ከፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ትጀምራለች። በዓይን አትታይም። እየዋለች እያደረች ታድግና ላዩን ታስነሳዋለች። ቅርፊቱ ሲነሳ ብዮቹ ጉድጓዱን ይረግጡታል፣ ጉድጓዱ ይሰፋል። ወፍጮው የሚጮኸው ያን ጊዜ ነው።»

«እሺ፣ ይሁን» አሉ አቶ ስብሐት፤ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «የሌላው ወፍጮ ኩሽኔታ ዓመታት ይቆያል። እኔ በላምባ አጥባለሁ፣ ግራሶ እቀባለሁ። የኔው ብቻ ለምን በወሩ ይደክማል?»

«ሲያስገቡት እንዴት አድርገው ነው?»

«በመዶሻ ነዋ! የውጩን ጠርዝ ዙሪያውን እየቀጠቀጥኩ። መዶሻ ያልጠገበ ኩሽኔታ አይረጋም። ሞተሩ ወፍጮውን የሚያዞርበትን ቺንጋም እንደ ክራር ወጥሬ ነው የማስረው።» ይህን ሲናገሩ ኩራት ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር።

ሠርካዲስ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ቀለበቱን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ብዮቹ በሚሄዱበት መንገድ ላይ ትናንሽ ጠባሳዎች እኩል እኩል ተራርቀው ተደርድረዋል።

«አንዷን ብይ ያስቀምጡበት።»

አቶ ስብሐት አስቀመጡ። ብይዋ ጠባሳው ላይ ልክክ አለች። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም እንዲሁ።

«የውጩን ሲመቱ ምቱ በብዮቹ አልፎ የውስጡን ቀለበት ወጋው፤ የተወጠረው ቺንጋ ደግሞ ጭነት ጨመረበት። ስንጥቁ የተነሳው ከእነዚህ ጠባሳዎች ነው። የሰው ዓይን እንዲህ በልክ በልኩ ይወጋል?»

ሽማግሌው ቀለበቱን አገላበጡት። ከዚያ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ።

«እግዚኦ! የበላሁትስ እኔው ነኝ።»

«ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ይንገሯት።»

ሲመሽ ጌጤ ዱቄቷን ይዛ ስትመለስ አቶ ስብሐት ደጇ ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው ነበር። «ይቅር በይኝ ልጄ፤ በድዬሻለሁ። ከእንግዲህ ሰልፍ ሳትይዢ ከሁሉ ቀድመሽ ትፈጫለሽ» አሏት።

ጌጤ ስልቻውን ሳታወርድ መለሰች። «መቅደም አልፈልግም፤ ተራዬ ይበቃኛል። ስሜን ያጠፉት ግን ሰልፉ ፊት ነው፤ የሚመልሱልኝም እዚያው ነው።»

ከጎናቸው የቆመችው ሠርካዲስ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ሰኞ ጠዋት አቶ ስብሐት ሞተሩን አጥፍተው ሰልፉ ፊት ቆሙ። 

«እናንት ሰዎች፣ ስሙኝ! ኩሽኔታውን የሰበረው የኔ መዶሻ ነው። ጌጤን በሐሰት ከሰስኳት። ከዛሬ ወዲያ በቱቦ፣ በውስጡ ቀለበት ላይ ብቻ እየገፋን እናስገባዋለን፤ ቺንጋውንም ከልኩ በላይ አንወጥርም። ወፍጮው ብዙ ይቆያል፣ እናንተም ጤፍ ተሸክማችሁ አዲሱ ገበያ አትንከራተቱም። ወፍጮ ሲጮህ ወፍጮውን እንመርምር እንጂ ሰው አንመርምር!»

ቀደም ሲል ከጌጤ ይሸሹ ከነበሩት አንዷ፣ የሺሀረግ፣ አፍራ መሬት መሬት አየች፤ ከዚያ የራሷን ስልቻ ወደፊት ገፋ አድርጋ ከኋላዋ ቦታ ለቀቀችላት። ጌጤ ስልቻዋን አስቀምጣ ተራዋን ያዘች።