ሳይጠሩት የመጣ ፀጉር

(ቡሬ ከተማ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሻሻቸውን ፈትተው፣ ከሁለት ዓመት በፊት የሞተው ልጃቸው የቢራራ ሚስት ፈንታነሽ ደግሞ ራሷን በጥቁር ሻሽ እንዳሰረች፣ ሁለቱም ከል ለብሰው ጓሮ ናቸው።)

ጥሩወርቅ፦ ላጪኝ አልኩሽ እኮ! ምላጭ ይዘሽ ምን ያስቆምሻል?

ፈንታነሽ፦ እጄ እምቢ አለኝ፣ እማማ። ይሄን ያህል ጊዜ ጠፍቶ ከርሞ፣ አሁን እንዲህ አምሮ ሲወጣ እንዴት ብዬ ልላጭዎት?

ጥሩወርቅ፦ ማን ጠራው? ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ለችፌዬ ነው። እጄን አሳየሁት እንጂ ራሴን መች አሳየሁት?

ፈንታነሽ፦ እሱም እኮ ገርሞታል። «ለቆዳዎ የሰጠሁዎት ኪኒን ፀጉርዎንም መለሰው» ነው ያለው። ሌላ ሰው ቢሆን እልል ይል ነበር።

ጥሩወርቅ፦ ሌላ ሰው ቢራራን አልቀበረማ! ያኔ ዘመድ ሁሉ በምላጭ ተላጨ። የኔ ግን በራሱ ጊዜ ረገፈ፤ ቅንድቤ እንኳን አልቀረ። እግዜር ሐዘኔን ቢያውቅልኝ ነው ብዬ በዚያ ተጽናናሁ። አሁን ይሄ ሲበቅል ልጄን የረሳሁት እየመሰለኝ ነው።

ፈንታነሽ፦ ኪኒኑንም ለዚህ ነው የተዉት?

ጥሩወርቅ፦ ማን ነገረሽ?

ፈንታነሽ፦ አንሶላዎን የማጥበው እኔ አይደለሁ? ደም በደም ሆኗል። ሲያኩ ነው የሚያድሩት።

ጥሩወርቅ፦ ልከከው! ምን አገባሽ? አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ነገ ሌላ ታገቢያለሽ። እኔ ሌላ ቢራራ ከየት አመጣለሁ?

ፈንታነሽ፦ እንዲህማ አይበሉኝ።

ጥሩወርቅ፦ ምን ዋሸሁ? ያንቺማ ይሄኔ ከሻሹ ሥር ትከሻሽ ደርሷል።

ፈንታነሽ፦ አልደረሰም።

ጥሩወርቅ፦ እስቲ ፍቺው።

ፈንታነሽ፦ ይተዉኝ፣ እማማ።

ጥሩወርቅ፦ ፍቺው ብዬሻለሁ! … ውይ! ምነው ልጄ? ያንቺም ረገፈ እንዴ?

ፈንታነሽ፦ አልረገፈም። ቅዳሜ ቅዳሜ እላጨዋለሁ።

ጥሩወርቅ፦ እስካሁን? ምን ብለሽ?

ፈንታነሽ፦ የእርስዎ ሳይመለስ እኔ ሹሩባ ልሠራ? ሰው «ምራቷ ረሳችው» ሲል ቢሰሙ ሐዘንዎ የሚብስ መሰለኝ። የእርስዎ ብቅ ሲል ግን… ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። እኔም መላጨቱን ልተወው ነው ብዬ።

ጥሩወርቅ፦ እኔን ይድፋኝ! አንድ ቤት እያደርን እንዴት ሳላይሽ ቀረሁ!

ፈንታነሽ፦ አያልቅሱ በቃ። እሺ፣ ካሉ እላጭዎታለሁ። ጎንበስ ይበሉልኝ።

ጥሩወርቅ፦ ተይው። ግቢና ኪኒኔን አምጪልኝ። አንቺም ቅዳሜ ራስሽን እንዳትነኪ። ልጄን ቀብሬያለሁ፤ አንቺን በቁምሽ አልቀብርም።